ሚዛን የማይለካው ሸክም
(ስለ ከፍተኛ ውፍረትና ስለ ኑሮ ጥራት አጭር የታሪክ ጥናት)

መግቢያ

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሚያስተምር ሰው በየዓመቱ ከሚጠብቁት ሥራዎች አንዱ፣ እጩ መምህራን ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች በሚወጡበት ጊዜ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ የማስተማር ዘዴያቸውን መከታተልና ነጥብ መስጠት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ስከታተል፣ ለሦስት ተማሪዎች በተሠራ ዴስክ ላይ ብቻውን የተቀመጠ እጅግ ወፍራም ልጅ ከፊቴ ነበር። ትምህርቱ በተጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ አንቀላፋ፤ ማንኮራፋትም ጀመረ። እጩ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ልጁ ቀረበና «በልቶ መተኛት ቤትህ ነው» አለው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከወደ ጥግ አንድ ድምፅ «በርሜል!» ሲል ደግሞ ሳቁ እጥፍ ሆነ። ልጁ ቀና አለ እንጂ ምንም አልተናገረም። ትምህርቱም ቀጠለ። እኔም በያዝኩት ቅጽ ላይ «የክፍል ሥርዓት አጠባበቅ» ከሚለው ፊት ለፊት «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። በተከታዩ ሳምንት ስመለስ ዴስኩ ባዶ ነበር። ልጁን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በዚያን ዕለት እኔም ሆንኩ እጩ መምህሩ ያየነው አንድ ሰነፍ ተማሪ ነው። ኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈውን ሳነብና በእንደዚያ ያለ ሰውነት ላይ የቀን እንቅልፍ ምን ሊያመለክት እንደሚችል ስረዳ ግን፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት «በጣም ጥሩ» ይቆጨኝ ጀመር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ይኸውም፣ እጅግ ከፍተኛ ውፍረት ያለበትን ሰው ኑሮ የሚያከብደው ምንድን ነው? የሚል ነው። ብዙዎቻችን «ኪሎው ነዋ!» ብለን እንመልስ ይሆናል። የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ግን መልሱ ይህን ያህል ቀላል አለመሆኑን ያስተምረናል። ከሸክሙ ከፊሉ በእርግጥ ኪሎው ነው፤ ከፊሉን ግን የሚጭነው ሌላው ሰው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንድታስታውሱ ይሁን።

1. የሌስተሩ ወህኒ ጠባቂ

ዳንኤል ላምበርት በ1770 ሌስተር በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ የከተማይቱ ወህኒ ቤት ጠባቂ ነበር። ዳንኤል በበርሚንግሃም ከተማ የቅርጽ ሥራ ሙያ ሲማር ቆይቶ በ1788 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰና አባቱን ይረዳ ጀመር፤ በኋላም የአባቱን ቦታ ያዘ። በወጣትነቱ ጉልበተኛና ዋናተኛ ነበር። የሌስተርን ልጆች ዋና ያስተምር ነበር፤ የአደን ውሾችን በማርባትም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሰውነቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየገዘፈ ሄዶ፣ በ1793 ክብደቱ 203 ኪሎ ግራም ያህል ደረሰ። የሚያሰክር መጠጥ የማይቀምስ ሰው ነበር፤ ምግብም ቢሆን ከሌላው ሰው የተለየ እንደማይበላ ራሱ ይናገር ነበር።

ላምበርት በወህኒ ጠባቂነቱ ዘመን የተከበረ ሰው ነበር። እስረኞቹን በወዳጅነት ይይዛቸው፣ ለፍርድ በሚቀርቡበትም ጊዜ የሚችለውን ያህል ይረዳቸው እንደነበረ ተጽፏል። በ1805 ወህኒ ቤቱ ተዘጋ። ላምበርት በዓመት 50 ፓውንድ ጡረታ ተቆርጦለት ቤቱ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ክብደቱ 318 ኪሎ አካባቢ ነበር። ሥራው ሲቀር ከሰው የሚያገናኘው ነገርም አብሮ ቀረ። ሰዎች ሊያዩት በሰበብ አስባቡ በሩን ማንኳኳት ስላበዙበት፣ በኀፍረት ከቤት መውጣት አቆመ።

ጡረታው ለኑሮው አልበቃ ስላለ በ1806 አንድ ልዩ ሠረገላ አሠርቶ ወደ ለንደን ሄደ። ፒካዲሊ በተባለው አውራ ጎዳና ቤት ተከራይቶ፣ አንድ ሽልንግ ለሚከፍል ሁሉ ራሱን ያሳይ ጀመር። በቀን 400 ያህል ሰው ይጎበኘው ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ ላምበርት እንደ አራዊት መታየትን አልፈቀደም። ባርኔጣዬን አላወልቅም ያለውን ጎብኚ ከክፍሉ እንዲወጣ አዝዞታል። ኮቱ ስንት እንዳስወጣው ደጋግሞ ለጠየቀው ሰው ደግሞ፣ አንድ አዲስ ኮት ቢገዛለት ዋጋውን በትክክል እንደሚያውቅ ነግሮታል። ላምበርት በ1809 ስታምፎርድ በተባለች ከተማ በ39 ዓመቱ ሲሞት ክብደቱ 335 ኪሎ ነበር። የሬሣ ሣጥኑ መንኮራኩር ተገጥሞለት በ20 ሰዎች እየተጎተተ ወደ መቃብሩ ወረደ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዋና ነገር የሚከተለው ነው። ከ1805 እስከ 1806 ባለው ጊዜ ውስጥ የላምበርት ክብደት ያን ያህል አልተለወጠም። ኑሮው ግን ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል። አስቀድሞ ሥራና ክብር ያለው ሰው ነበር፤ ቀጥሎ በኀፍረት ቤቱ የተዘጋ ሰው ሆነ፤ በመጨረሻም በአንድ ሽልንግ የሚታይ ትርኢት ሆነ። ሚዛኑ አንድ ሲሆን ኑሮው ሦስት ነበር። ስለዚህ ሚዛኑ ብቻውን ኑሮውን ሊያስረዳን አይችልም።

2. ጫማውን ማሰር ያቃተው ሰው

ዊሊያም ባንቲንግ በ1796 የተወለደ የለንደን ሰው ነው። የቤተሰቡ ሙያ የቀብር ሥነ ሥርዓት ማሰናዳት ሲሆን፣ በ1852 የተፈጸመውን የዌሊንግተን መስፍን ቀብር የመሰሉ ታላላቅ ቀብሮች ያለፉት በዚህ ድርጅት እጅ ነው። በ1862 ባንቲንግ 65 ዓመት ሲሞላው ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱም 92 ኪሎ ያህል ነበር።

ባንቲንግ በ1863 ስለ ውፍረቱ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ለሕዝብ የተላከ ደብዳቤ ብሎ ነበር የሰየማት። ይህች መጽሐፍ ይበልጥ የምትታወቀው ስለ አመጋገብ በያዘችው ምክር ነው። ስኳርን፣ ዳቦንና ድንችን በመቀነስ በአንድ ዓመት ገደማ 21 ኪሎ ያህል ቀንሷልና። ለእኛ ጉዳይ ግን የበለጠ የሚጠቅመን የዕለት ኑሮውን የገለጸበት ክፍል ነው። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም ነበር። ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ስለሚያመው ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ እየረገጠ ነበር። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ትንፋሹ ያጥርበታል፤ ጆሮውም እየደከመ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመንገደኛው አሽሙር ስለሚያስመርረው፣ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ መገኘትን ይሸሽ ነበር።

አንባቢ ይህን ዝርዝር ልብ ይበል። መታጠፍ፣ ደረጃ፣ ትንፋሽ፣ ሕመም፣ ከዚያም የሰው ዓይንና የሰው አፍ። የዛሬ ተመራማሪዎች በብዙ መጠይቅ ያጠኑት ነገር ሁሉ ከ160 ዓመታት በፊት በአንድ ሽማግሌ ደብዳቤ ውስጥ ተዘርዝሮ ይገኛል። እንዲያውም ባንቲንግ በዛሬው መለኪያ እጅግ ከፍተኛ ውፍረት ካለባቸው ሰዎች አይመደብም። እርሱ ይህን ያህል ከተቸገረ፣ ከእርሱ እጥፍ የሚመዝነው ሰው ምን ያህል ሊቸገር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

3. የቁጥር ዘመን

ባንቲንግ በተወለደበት በዚያው በ1796 በቤልጅየሟ ጌንት ከተማ አዶልፍ ኬትሌ ተወለደ። ኬትሌ የሥነ ፈለክና የስታትስቲክስ ሊቅ ነበር። በ1830ዎቹ ዓመታት የብዙ ሰዎችን ቁመትና ክብደት መዝግቦ ሲያነጻጽር፣ የአዋቂዎች ክብደት በአመዛኙ ከቁመታቸው ካሬ ጋር ተመጣጥኖ እንደሚጨምር አስተዋለ። ይህ ሊቅ ወፍራሞችን ለማከም አልተነሣም፤ የፈለገው የ«አማካይ ሰው»ን ጠባይ ማወቅ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 ይህንኑ ሐሳብ አንሥቶ አሁን በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን የክብደትና የቁመት ንጽጽር አስፋፋ።

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊሠሩት ይችላሉ። ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ ለቁመት በሜትር ካሬ ይካፈላል። የባንቲንግ፣ 92 ሲካፈል ለ1.65 ካሬ፣ ወደ 34 ይጠጋል። ቁመቱ 1.80 ሜትር የነበረው የላምበርት ደግሞ 335 ሲካፈል ለ1.80 ካሬ 103 ገደማ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ባወጣው ደረጃ መሠረት 25 እና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ውፍረት፣ 40 እና ከዚያ በላይ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ውፍረት ይባላል። ለልጆችና ለወጣቶች ግን ይህ ቁጥር ከዕድሜያቸውና ከጾታቸው ጋር እየተነጻጸረ ካልሆነ በቀጥታ አይሠራም። መምህራን ይህን ሳይዘነጉ፣ የአንድን ተማሪ ቁጥር በክፍል ፊት ከማስላትም ሊቆጠቡ ይገባል።

ቁጥሩን ከሐኪሞች ቀድመው በሰፊው የተገለገሉበት የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ነበሩ። የአሜሪካው ሜትሮፖሊታን ኩባንያ በ1942 ለሴቶች፣ በ1943 ደግሞ ለወንዶች ተስማሚ የሚባለውን ክብደት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ለኩባንያው ዋናው ጥያቄ ደንበኛው መቼ ይሞታል የሚለው ነበር። ደንበኛው በሕይወት ሳለ እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በይፋ ካነሡት ሰነዶች አንዱ በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም የጤና ድርጅት መተዳደሪያ ነው። በዚህ ሰነድ መሠረት ጤና ማለት በሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን፣ በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደህንነት ማግኘት ማለት ነው። የኑሮ ጥራት የሚባለው ሐሳብ በሕክምናው ዓለም ሥር የሰደደው ከዚህ ወዲህ ነው።

4. የሚያንቀላፋው ብላቴና

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ከ1836 እስከ 1837 በተከታታይ ባወጣው «የፒክዊክ ወረቀቶች» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ጆ የሚባል ወፍራም ብላቴና አለ። ይህ ብላቴና ቆሞ ሳለ እንኳ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንባብያን ከመቶ ዓመታት በላይ ሲስቁበት ኖረዋል።

በ1956 በርዌል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የአንድ በሽተኛን ታሪክ አሳተመ። በሽተኛው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን የ51 ዓመት ነጋዴ ነበር። ወደ ሐኪም እንዲሄድ ያደረገው ነገር የሚገርም ነው። ከጓደኞቹ ጋር ፖከር ሲጫወት እጅግ ጥሩ ካርታ ደረሰው፤ ነገር ግን ካርታውን በእጁ እንደያዘ አንቀላፍቶ ገንዘቡን ሳይበላ ቀረ። ሐኪሞቹ ይህን ሰው ሰነፍ አላሉትም። ደሙን ሲመረምሩ ኦክስጅን አንሶ፣ ሊወጣ የሚገባው የተቃጠለ አየር ደግሞ በዝቶ አገኙት። በሽታውንም በዲከንስ መጽሐፍ ስም ሰየሙት። በ1965 ደግሞ በፈረንሣይና በጀርመን የሚገኙ ተመራማሪዎች እንደዚህ ያሉ ሰዎችን ሌሊት በመሣሪያ ሲከታተሉ፣ በእንቅልፋቸው ትንፋሻቸው በተደጋጋሚ እንደሚቋረጥ ተገነዘቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል። በአንገቱ ዙሪያ ብዙ ስብ ያለበት ሰው ደግሞ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ፣ ሲላላ ይዘጋል። ትንፋሽ ሲቋረጥ አንጎል ለአፍታ ያነቃዋል፤ እንደገና ይተኛል፤ እንደገና ይዘጋል። በሽታው በጠናበት ሰው ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል። እንዲህ ያደረ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ላይ ቢውልም እንቅልፍ አልጠገበም። ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ ቀን ያንቀላፋል፤ የተማረውን ይረሳል፤ ቶሎ ይበሳጫል። ሕመሙ በልጆችም ላይ ይታያል።

በዚያ ክፍል ከፊቴ የነበረው ልጅ ይህ ሕመም ይኑርበት አይኑርበት ልፈርድ አልችልም። ማንኮራፋቱና ማንቀላፋቱ ግን «ሌሊት እንዴት ታድራለህ?» ተብሎ እንዲጠየቅ የሚያበቃ ምልክት ነበር። ጥያቄውን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከእንቅልፍ ሌላ ኑሮን ከሚያከብዱት የአካል ችግሮች ዋነኛው የጉልበት ሕመም ነው። አንድ ሰው ክብደቱን በአንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ በ2005 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ይህን ስሌት ወደ ሌላው አቅጣጫ የገለበጠ ሰው የባንቲንግን የደረጃ አወራረድ በቀላሉ ይረዳዋል።

5. ስድስቱ ሥዕሎች

በ1961 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በተለይ እኛን መምህራንን ይመለከታል። ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው 10 እና 11 ዓመት ለሆነ 640 ልጆች ስድስት ሥዕሎች አሳዩአቸው። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ጤናማ ልጅ፣ በሁለተኛው በክራንች የሚሄድ፣ በሦስተኛው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ በአራተኛው ግራ እጅ የሌለው፣ በአምስተኛው ፊቱ ላይ ጉዳት ያለበት፣ በስድስተኛው ደግሞ ወፍራም ልጅ ተሥሏል። ልጆቹም ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን እንዲመርጡ፣ ከዚያም ከቀሩት ውስጥ እንደዚሁ በተራ እንዲመርጡ ተጠየቁ። የልጆቹ አስተዳደግና ኑሮ የተለያየ ቢሆንም በአመዛኙ ወፍራሙን ልጅ መጨረሻ ላይ አስቀመጡት።

በ2003 ላትነርና ስታንካርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥናት በ458 ተማሪዎች ላይ ደገሙት። በአርባ ዓመታት ውስጥ ወፍራም ልጆች በቁጥር እጅግ ስለበዙ ጥላቻው ይቀንሳል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ወፍራሙ ልጅ አሁንም መጨረሻ ላይ ነበር፤ እንዲያውም ከ1961ዱ ይበልጥ ተጠልቶ ተገኘ።

ለምን ይሆን? እጁን ያጣውን ልጅ ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ ችግሩ በራሱ ጥፋት እንዳልመጣ ይታመናልና። ወፍራሙን ግን «ሆዳም ስለሆነ ነው፤ ሰነፍ ስለሆነ ነው» ብለን አስቀድመን ፈርደንበታል። ስለሆነም የሚሳቅበት ሕመምተኛ ይሆናል።

6. ከስዊድን የመጣ ማስረጃ

የባንቲንግ ስም በእንግሊዝ አገር እየተረሳ ሲሄድ በስዊድን ቋንቋ ውስጥ ግን ሥር ሰዶ ቀርቷል። ስዊድኖች ክብደት ለመቀነስ ምግብ መመጠንን «ባንታ» ይሉታል። ስለ ከፍተኛ ውፍረትና ስለ ኑሮ ጥራት ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ረጅም ዘመን ከፈጁት አንዱ የተካሄደውም በዚችው አገር ነው።

ጥናቱ በ1987 ተጀመረ። እስከ 2001 ድረስ 2010 ሰዎች የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ 2037 ሰዎች ደግሞ በተለመደው ሕክምና ብቻ እየተረዱ ለብዙ ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በ1993 በመጀመሪያዎቹ 1743 ሰዎች ላይ የተገኘው ውጤት ታተመ። በውጤቱ መሠረት የእነዚህ ሰዎች የአእምሮ ደህንነት ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ በሽታ ካለባቸው፣ ከካንሰር ከዳኑና የህብለ ሰረሰር ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች እንኳ የባሰ ነበር። ሴቶቹም ከወንዶቹ ይልቅ ተጎድተው ተገኙ።

በ2007 የወጡት ሁለት ውጤቶች ደግሞ የሚከተለውን አሳዩ። በአማካይ ወደ 11 ዓመት በሚጠጋ ክትትል ቀዶ ሕክምና ካገኙት 101፣ ካላገኙት ደግሞ 129 ሰዎች ሞተዋል። የኑሮ ጥራትን በሚመለከት፣ ቀዶ ሕክምና ያገኙት ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከፍ ያለ መሻሻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ክብደታቸው በከፊል ሲመለስ መሻሻሉም ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ከስድስተኛው ዓመት ወዲህ ግን ረጋ። ከመነሻ ክብደታቸው ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ቀንሰው ማቆየት የቻሉት ዘለቄታ ያለው ጥቅም አግኝተዋል። ስለዚህ ክብደት ምንም አይደለም ማለት ስሕተት ነው። ክብደትን መቀነስ ኑሮን ያቃልላል።

ለመሆኑ ይህ ሸክም ለተሸካሚው ምን ያህል ነው? በ1991 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጥያቄውን በሚያስደነግጥ መንገድ አቅርቦታል። በቀዶ ሕክምና ቢያንስ 45 ኪሎ ቀንሰው ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ 47 ሰዎች፣ ወደ ቀድሞ ውፍረታችሁ ከምትመለሱና ሌላ ጉዳት ከሚደርስባችሁ የቱን ትመርጣላችሁ? ተብለው ተጠየቁ። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ እግራቸው ቢቆረጥ ወይም ዓይናቸው ቢታወር እንደሚሻላቸው መለሱ። አንድ ሰው ዓይኑን ሰጥቶ ሊያመልጠው የሚፈልገው ነገር የጉልበት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህን ለመለካት በ1995 ኮሎትኪን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተዘጋጀ መጠይቅ አወጣች። ኋላ አጥሮ 31 ጥያቄዎች የያዘው ይኸው መጠይቅ ኑሮን በአምስት ወገን ይመረምራል፦ የአካል እንቅስቃሴ፣ ለራስ የሚሰጥ ግምት፣ የፍትወተ ሥጋ ሕይወት፣ በሕዝብ መካከል የሚደርስ ጭንቀት፣ ሥራ። ወንበር ይችለኝ ይሆን? ብሎ መሥጋት ሳይቀር በመጠይቁ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። እንግዲህ የላምበርት ሥራና የባንቲንግ አሽሙር በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቅጽ ገቡ ማለት ነው።

7. ጥፋቱ የማን ነው?

ከላይ እንደተገለጸው የንቀቱ ሥር «ራሱ ያመጣው ነው» የሚል እምነት ነው። ይህን እምነት በእጅጉ ያናጋው ግኝት በ1994 ከኒው ዮርክ ተሰማ። ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያዝዘውን ጂን አገኙ። ሌፕቲን በሰውነት ስብ ውስጥ ተሠርቶ በደም ወደ አንጎል የሚሄድ መልእክተኛ ነው፤ «ስንቅ አለ፤ ረኀብ ይብቃ» ብሎ ይናገራል። በ1997 በእንግሊዝ አገር ይህ ሆርሞን በተፈጥሮ የጎደላቸው ሁለት ያጎት ልጆች ተገኙ። አንዲቱ በስምንት ዓመቷ 86 ኪሎ፣ ሌላው በሁለት ዓመቱ 29 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ልጅቱ ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣት የማይጠግብ ረኀቧ በረደ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ከ16 ኪሎ በላይ ቀነሰች። ጠባይዋን ማንም አላረመውም፤ የጎደለው ነገር ተሟላላት እንጂ።

እንዲህ ያለው ጉድለት እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። የአብዛኛው ሰው ውፍረት ከብዙ ጂኖች፣ ከምግብ ዓይነት፣ ከአነስተኛ እንቅስቃሴ፣ ከአንዳንድ መድኃኒቶች፣ ከኑሮ ጭንቀትና ከመሳሰሉት ተጣምሮ የሚመጣ ነው። ሆኖም የእነዚያ ልጆች ታሪክ ረኀብና ጥጋብ በፈቃዳችን ብቻ የሚታዘዙ አለመሆናቸውን አስመስክሯል። በ2021 በአሜሪካ ለክብደት ቅነሳ የተፈቀደው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒትም የሚሠራው በአብዛኛው የምግብ ፍላጎትን በመቀነስ ነው።

8. በእኛ ዘንድ

በእኛ አገር ውፍረት ሁለት ዓይነት ፍርድ አለበት። ከሩቅ አገር ወይም ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጣን ዘመድ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል» ብለን እናወድሰዋለን፤ «ከሳህ» የምንለው በኀዘን ነው። ረኀብን በሚያውቅ አገር ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ውፍረቱ ከምንጠብቀው ልክ ሲያልፍ ያው ያመሰገነ አፍ ወደ ማሾፍ ይዞራል። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» እንደሚባለው፣ በቤት በፍቅር የተጀመረው ቅጽል በትምህርት ቤት ግቢ ወደ ስድብ ይለወጣል።

ጉዳዩም የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከውፍረት ጋር ይኖር ነበር። ከ1990 ወዲህ የአዋቂዎቹ ድርሻ ከእጥፍ በላይ፣ የወጣቶቹ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኗል። በአንድ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ፣ ምግብ ያጣ ልጅና ውፍረት ያስቸገረው ልጅ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ከፊታችን ይቀመጣሉ።

ስለዚህ መምህር ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ነገሮች ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

ሀ) ቅጽል ስምን በመጀመሪያው ቀን ማስቆም። መምህሩ ዝም ያለበት ስድብ በክፍሉ ዘንድ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። መምህሩ ራሱ የጀመረው ከሆነማ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም።

ለ) የሚያንቀላፋን ተማሪ ከመቅጣት በፊት ለብቻው ጠርቶ እንቅልፉን መጠየቅ፤ ካስፈለገም ወላጆቹ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት መምከር።

ሐ) የመቀመጫን ነገር ሳይታይ ማስተካከል። ልጁን ቆሞ እንዲጠብቅ አድርጎ ወንበር ማስፈለግ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

መ) በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጁን ከጨዋታው ማስወጣትም ሆነ ለማላገጫ ማሯሯጥ አይገባም። ላምበርት እንደሚያስታውሰን፣ በየብስ የሚከብደው ሰው በውኃ ውስጥ አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

ሠ) ለልጁ በክፍል ውስጥ ሥራና ኃላፊነት መስጠት። ላምበርትን ከቤቱ የዘጋው ኪሎው ብቻ ሳይሆን ሥራ ማጣቱም ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው እጅግ ከፍተኛ ውፍረት ያለበት ሰው የኑሮ ጥራት ከብዙ ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው። ሕመሙ፣ እንቅልፉ፣ ትንፋሹ፣ ሥራው፣ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚሰማው ቃል ሁሉ ድርሻ አላቸው። ኪሎን መቀነስ የሐኪምና የታማሚው ሥራ ነው፤ ጊዜም ይፈጃል፤ ሁልጊዜም አይሳካም። የቀረውን ሸክም ማቃለል ግን ከእኛ ከመምህራን መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ክፍል ስንገባ መጀመር እንችላለን።

እኔ ዛሬም የልምምድ ትምህርት ለመከታተል ስወጣ ያንኑ ቅጽ እይዛለሁ። «የክፍል ሥርዓት አጠባበቅ» የሚለው መስመር ጋ ስደርስ ግን እጄ ይዘገያል። ክፍሉ ጸጥ ማለቱን ብቻ አልመለከትም፤ ጸጥታው በማን ኪሳራ እንደተገኘ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ካለ ደግሞ ደወሉ ሲደወል ጠጋ ብዬ ስሙን እጠይቀዋለሁ። የዚያን ልጅ ስም አልጠየቅሁትም ነበርና።